ደማችንን የሚያነበው ማን ነው?

በእስራኤል ከተሞች በኪርያት ማላኪ፣ በገዴራም ሆነ በያቭኔ፣ ጠዋት ጠዋት ደም በሚቀዳበት የኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ክሊኒክ) ክፍል በራፍ ላይ አማርኛ ይሰማል። ነጠላ ያጣፉ እናቶች፣ ከጎናቸው ዕብራይስጡን የሚያስተረጉሙላቸው የልጅ ልጆች ወረፋ ይዘው ይቀመጣሉ። ነርሷ ክንድ ታስራለች፣ ደም ትቀዳለች፣ ስምና የመታወቂያ ቁጥር የታተመበትን ወረቀት በናሙናው ቱቦ ላይ ትለጥፋለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ለአብዛኛው ሰው ድፍን ነው። ቱቦው ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ መልሱ በሐኪሙ ኮምፒውተር ላይ ብቅ ይላል። በመሃል ማን አየው? “ይህ ልክ አይመስለኝም፣ ይደገም” ያለው ማን ነው?

ሌላው ሰው ይህን ሳይጠይቅ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። ከኢትዮጵያ የመጣነው አይሁዶች፣ ቤተ እስራኤል፣ ግን ከላቦራቶሪ ጋር ያልሻረ ቁስል አለን።

በጃንዋሪ 1996 ማዓሪቭ ጋዜጣ አንድ ጉድ አወጣ። የአገሪቱን የደም ባንክ የሚያስተዳድረው ማጌን ዳቪድ አዶም ከኢትዮጵያውያን የሚለገሰውን ደም ለዓመታት ሲቀበል፣ ለለጋሾቹ ሳይነግር ሲጥለው ኖሯል። ጃንዋሪ 28 ቀን 10 ሺህ ያህል ሰው ኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ወጣ። ፖሊስ በውሃና በአስለቃሽ ጋዝ መለሰው፤ ብዙ ሰው ተጎዳ። መንግሥትም በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይጽሃቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ።

ለድርጊቱ የተሰጠው ምክንያት ኤች አይ ቪ ነበር። የሕክምናውን ጎን በቅን ልቦና ማየት ያስፈልጋል። ከ1985 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ምርመራ ይፈልግ የነበረው ቫይረሱን ራሱን ሳይሆን ሰውነት የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ያ እስኪሠራ ደግሞ ሳምንታት ያልፋሉ። በዚህ “የመስኮት ጊዜ” የተቀዳ ደም ንጹሕ መስሎ ሊያልፍ ስለሚችል፣ የደም ባንክ በየትም አገር ለጋሹን ስለ ሕይወቱ ይጠይቃል፤ አንዳንዱንም ይመልሳል። ጥንቃቄው አልነበረም ያሳዘነን። ሰውን በትውልዱ መለየታቸው፣ ከዚያም ፊት ለፊት አመስግነው ተቀብለው ከጓሮ መድፋታቸው ነው። የ18 ዓመት ወታደር ክንዱን ዘርግቶ የሰጠው ደም የት እንደገባ ሳያውቅ ወደ ጦር ክፍሉ ይመለስ ነበር።

ነገሩም በዚያ አላበቃም። በዲሴምበር 2013 በእስራኤል ምክር ቤት በክኔሴት የደም ልገሳ ሲካሄድ፣ የምክር ቤት አባሏ ፕኒና ታማኖ ሻታ ልትለግስ ብትቀርብ በትውልዷ ምክንያት እንደማንኛውም ሰው ልትለግስ እንደማትችል ተነገራት። ወደ እስራኤል ስትገባ የ3 ዓመት ሕፃን ነበረች። የቫይረሱን ዘረመል በቀጥታ የሚፈልገው አዲስ ምርመራ የመስኮቱን ጊዜ ወደ 10 ቀን ገደማ ካጠበበው በኋላ እንኳ መመሪያው ቆየ። ገደቡ እንዲነሳ የተወሰነው በ2016 መጨረሻ፣ ከታላቁ ሰልፍ 20 ዓመት በኋላ ነው።

በዚያ ሁሉ ዘመን የታገልነው ከውጭ ሆነን ነው፤ በአደባባይ፣ በጋዜጣ፣ በምክር ቤት። ከደም ባንኩ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው “ይህን ከረጢት ስለምን እንጥለዋለን?” ብለው የሚጠይቁ የእኛ ልጆች በቁጥር ቢኖሩ ኖሮ ምስጢሩ ያን ያህል ዓመት የሚከርም አይመስለኝም።

ጉዳዩ የትናንት ብቻ እንዳይመስል ዛሬም በየክሊኒኩ የሚያጋጥመውን አንድ ነገር በቅርብ እንየው። በተራ የደም ቆጠራ ላይ ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ይቆጠራሉ። ብዙውን ጊዜ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ1,500 በታች ከሆኑ ወረቀቱ ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይወጣል። ከኢትዮጵያ ከመጡ ሰዎች መካከል ግን ፍጹም ጤነኛ ሆነው ቁጥራቸው ከዚህ በታች የሚሆን ጥቂት አይደሉም። የእስራኤል ሐኪሞች ይህን በቤተ እስራኤልና በየመን አይሁዶች ዘንድ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጽፈውታል። በ2008 ደግሞ ዳፊ ከሚባለው ዘረመል ጋር የተያያዘ መሆኑ ታወቀ። ያው የዘር ለውጥ ቫይቫክስ የተባለውን የወባ ዓይነት ለመቋቋም የሚረዳ፣ ከአያት የወረስነው ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ጤነኛውን ለድጋሚ ምርመራ ያመላልሳል፣ መቅኔውን እስከማስቀዳት ይደርሳል፤ ለካንሰር ታማሚም መድኃኒቱን ያዘገያል። የሚያውቅ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሐኪሙን በስልክ ያገኘውና “የዚህን ሰው የቀድሞ ውጤቶች ተመልከት፣ ዘወትር ቁጥሩ ይኸው ነው” ይለዋል። ይህን ማወቅ ትውልድ አይጠይቅም፤ ማንም ሊማረው ይችላል። ሆኖም ይህ ቁጥር የእናቱም የአክስቱም መሆኑን የሚያውቅ ልጅ ቶሎ ያስታውሰዋል።

ታዲያ ልጆቻችን ለምን በብዛት ወደ ላቦራቶሪ ሙያ አልገቡም? ዋናው ምክንያት ሙያው አለመታየቱ ነው እላለሁ። ነርሷን ሁሉም ያያታል። በሶሮካ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም የሆኑት ዶክተር አቭራሃም ይጽሃቅ ስማቸው ሲነሳ የማይኮራ የለም። ላቦራቶሪው ግን በሆስፒታሉ ምድር ቤት ወይም ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። ልጅ ያላየውን አይመኝም፤ ወላጅም የማያውቀውን አይመክርም።

መንገዱ ረጅም ነው እንጂ አልተዘጋም። ኢየሩሳሌም ያለው የሃዳሳ አካዳሚ ኮሌጅና ቤርሼባ ያለው የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስን በመጀመሪያ ዲግሪ ያስተምራሉ። ከዚያ በላቦራቶሪ ውስጥ የተግባር ልምምድ፣ ቀጥሎም የጤና ሚኒስቴር ዕውቅና አለ። በማይክሮስኮፕ በሽታን የሚለይ ሐኪም፣ ፓቶሎጂስት፣ መሆን የሚፈልግ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይሆናል፤ ከዚያ ሌላ ረጅም የልዩ ሙያ ሥልጠና ይጠብቀዋል።

ይህ ሥልጠና በመጽሐፍ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ከታማሚ የተቆረጠች ቁራጭ ሥጋ በፎርማሊን ትቆያለች፣ በፓራፊን ሰም ትታሸጋለች፣ ከፀጉር እጅግ በቀጠነ ስስ ልክ ተቆርጣ በመስታወት ላይ ትዘረጋለች። የሕዋሱ አስኳል ወይን ጠጅ፣ ዙሪያው ሮዝ ሆኖ በቀለም ይወጣል። ከዚያ መምህሩና ተማሪው ባለ ሁለት መመልከቻ በሆነ አንድ ማይክሮስኮፕ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚያዩት ያንኑ ስላይድ ነው። መምህሩ በማይክሮስኮፑ ጠቋሚ ቀስት አንዲት ሕዋስ ጠቁሞ “ይህችን ምን ትላታለህ?” ይላል። ተማሪው ይሳሳታል፤ እንደገና ያያሉ። ከጎንደር በር በወለቃ አንጥረኛ አባት ልጁን ወናፍ እያስነፋ የብረቱን ፍም ቀለም ያስለየው እንደነበረ፣ ዓይን የሚሠለጥነው ከሚያውቅ ሰው ጎን በመቀመጥ ነው። ጎን የሚቀመጥለት ያጣ ተማሪ ጎበዝ ቢሆንም ይቀራል።

ጎንደርን ካነሳሁ ዘንድ፣ በ1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን በቡድን አድርጎ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እየላከ ያሠለጥን ነበር። አያቶቻችን በኖሩበት አገር ሙያ በሥራ ላይ ይሰጥ ነበር ማለት ነው፤ እንግዳ ነገር አልጠየቅንም።

በገዴራ ሻፒራ ሰፈር “ሐቬሪም ባቴቫ” የተባለው ማኅበር ከ2005 ጀምሮ ያሳየው መንገድም ይኸው ከጎን መቀመጥ ነው። የተማሩ ወጣት ቤተሰቦች ሰፈሩን ጥለው ከመሄድ ይልቅ እዚያው ኖረው ታናናሾቻቸውን መያዝ ጀመሩ። በላቦራቶሪ ሙያም ይህን ማድረግ ይቻላል። ካፕላን ሆስፒታል ያለው ሬሆቮት ነው፤ ለገዴራም ለያቭኔም ቅርብ ነው። ለኪርያት ማላኪ ልጅ ከ2017 ወዲህ አሽዶድ ላይ አሱታ ሆስፒታል አለ። በ2022 የተመረቀው የማጌን ዳቪድ አዶም አዲስ የደም ማዕከል ደግሞ ራምላ ነው፤ ደማችን ሲጣል የኖረበት ተቋም መሆኑን ሳንረሳ ልጆቻችንን ልንወስድበት የሚገባ ቦታ ነው። በእነዚህ ቦታዎች የሚሠራ አንድ ባለሙያ አንድ ተማሪ ይዞ ከ10ኛ ክፍል እስከ ዲግሪ ቢከተለው፣ ከብዙ የአዳራሽ ንግግር ይበልጣል።

ወጣቱን ወደዚህ ሙያ የሚጠራ ሰው ደሞዙንም ሊነግረው ይገባል። በኦገስት 2020፣ በኮሮና መሃል፣ የእስራኤል የሕዝብ ላቦራቶሪ ሠራተኞች ክፍያቸው ከድካማቸው ጋር አይመጣጠንም ብለው ሥራ አቁመው ነበር። ያኔ አገሩ በሙሉ ውጤት ይጠብቅ ስለነበር የተረሱት ሰዎች ለጥቂት ቀን ስማቸው ተጠራ። ሙያው የተከበረ እንዲሆን ያ ትግል መቀጠል አለበት፤ ልጆቻችንም የትግሉ አካል መሆን ይችላሉ።

የሁሉም መነሻ ግን ትምህርት ቤት ነው። የባግሩት (የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና) ምድብ የሚወሰነው ወላጅ ገና ምን እየተመረጠ እንደሆነ ሳይገባው ነው። ልጃችሁ ለመጪው ዓመት ሲመደብ ሄዳችሁ ጠይቁ፦ ሒሳቡ ስንት የሂዶት (የትምህርት ደረጃ ነጥብ) ነው? ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ተመዝግቧል? ካልተመዘገበስ ማን ወሰነ? መልሱ ግልጽ ካልሆነላችሁ በትምህርት ቤቱና በቤተሰብ መካከል የሚያገናኘውን ማጌሽር ይዛችሁ እንደገና ግቡ፣ ውሳኔውንም በጽሑፍ ጠይቁ።