ፋይሉን የምትይዘው ሠራተኛ

አዲስ አበባ ውስጥ ጎዳና ላይ ከሚውሉና ለአደጋ ከተጋለጡ ልጆች ጋር የሚሠራ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲነሳ ቀድመው የሚታሰቡት ልጁን መንገድ ላይ ቀርቦ የሚያነጋግረው ሶሻል ወርከርና ሙያ የሚያስተምረው አሠልጣኝ ናቸው። የአድሚኗ ስም ብዙም አይነሳም። ገቢና ወጪ ደብዳቤ የምትመዘግበው፣ ፔቲ ካሽ የምትይዘው፣ ፕሮፎርማ የምትሰበስበው እሷ ናት። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የልጆቹን ፋይል መያዝ ነው።

ከወላይታ ወይም ከጋሞ ተነስቶ መርካቶ አውቶብስ ተራ የሚወርድ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት የለውም። ድርጅቱ ሲቀበለው ፋይሉ ውስጥ የሚገባው የመቀበያ ቅጽ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶና የወረዳው ደብዳቤ ቢሆን ነው። ዕድሜ በሚለው ቦታ ላይ «14፣ በግምት» ተብሎ በእርሳስ ይጻፋል።

ይህ ቁጥር ቀላል ነገር አይደለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ጥፋት ቢፈጽም ለአዋቂ የተደነገገው መደበኛ ቅጣት አይወሰንበትም፤ ከአዋቂ ጥፋተኞች ጋርም አይታሰርም። 15 ካለፈ በኋላ ግን የሚዳኘው በመደበኛው ድንጋጌ ነው። የሥራ ሕጉም፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ 18 ያልሞላውንም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት አይፈቅድም። ልጁ ፖሊስ ጣቢያ ቢገባም፣ ጋራዥ ሊቀጠር ቢሄድም ቀድሞ የሚጠየቀው ዕድሜው ነው።

መፍትሔው የልደት ምስክር ወረቀት ነው፤ ችግሩ አገኛኘቱ ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ቢያዝም ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ማብቂያ ላይ ነው። የዛሬዎቹ ታዳጊዎች ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። ስለዚህ አድሚኗ ለትውልድ ወረዳው ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ቁጥርና ማኅተም ታስደርጋለች፣ ከዚያም ስልክ መምታት ነው። ልጁ በየሳምንቱ በሩ ላይ ብቅ ይላል።

«ማዘር፣ ወረቀቴ መጣ?»

«ገና ነው የኔ ልጅ፤ ሐሙስ ደግሞ እደውላለሁ።»

ወረቀቱ ሲመጣ ደግሞ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። የአባት ስም በአንዱ ላይ «ወልደማርያም»፣ በሌላው ላይ «ወልዴ» ከሆነ ለፈተና ሲመዘገብ ጣጣ ያመጣል። የውጭ ለጋሾች በራሳቸው አቆጣጠር ሪፖርት ሲጠይቁም የልደት ዓመቱ ይቀየራል። በ2002 መስከረም የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ የ2009፣ በዚያው ዓመት መጋቢት የተወለደው ግን የ2010 ነው። በጅምላ 8 እየደመረች የምትሞላ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ልጅ በአንድ ዓመት ታሳንሰዋለች፤ 15 ዓመት ወሰን በሆነበት ሕግ ውስጥ አንድ ዓመት ብዙ ነው።

ፋይሉ መቆለፍም አለበት። በውስጡ የልጁ ሕመም፣ የደረሰበት ጥቃት፣ ከቤት የወጣበት ምክንያት ተጽፏል። እንግዳ መጥቶ «አንድ ሁለት ታሪክ ከነፎቶው» ሲል በትሕትና እምቢ ማለት የሥራዋ ድርሻ ነው፤ አለቃዋም ከጎኗ ሊቆም ይገባል።

ይህን ሁሉ የምትሠራው ሠራተኛ በበጀት ሰነድ ላይ የምትታየው «አስተዳደራዊ ወጪ» ሆና ነው። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ሕግ ለአስተዳደር 30 በመቶ ይፈቅድ ነበር፤ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅትም በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ክልከላውን አነሳ፤ የአስተዳደር ወጪውን ጣሪያ ግን ወደ 20 በመቶ አወረደው። ቁጠባው መልካም ነው። ሆኖም ወጪ እንቀንስ ሲባል መጀመሪያ የሚነካው ይህ የሥራ መደብ ሲሆን ሶሻል ወርከሩ ልጆቹን ትቶ ፎቶ ኮፒ ሲያነሳና ወረዳ ሲመላለስ ይውላል።

አዋጁ አስተዳደራዊ የሚለው ከፕሮጀክት ሥራ ጋር የማይገናኘውን ወጪ ነው። ልጁን ለዕድሜ ምርመራ ሐኪም ቤት ማድረስ፣ ትውልድ ወረዳው ድረስ ሰው መላክ፣ የምስክር ወረቀቱን ክፍያ መሸፈን ልጁን የመርዳት ሥራ ነውና ዕቅድ ሲዘጋጅ በፕሮጀክቱ በጀት ሊያዝ ይገባል። ለዚህም ዕቅዱ ሲጻፍ አድሚኗ ጠረጴዛው ዙሪያ ልትቀመጥ ይገባታል።