ሞተሪኖ አልይዝ ሲል፤ ከመግፋት በፊት ማዳመጥ

በአገራችን መኪና ገፍቶ የማያውቅ ሰው የለም ቢባል ከእውነት ብዙ የራቀ አይሆንም። በተለይም በጅማ መንገድ ከሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ከቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ከሱሉልታ በየጧቱ ወደ አዲስ አበባ እየተመላለሱ የሚማሩ ጓደኞቻችን ይህን ሥራ ያለ ደመወዝ ይሠሩታል። ሹፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ እንቢ ይላል፤ ረዳቱ «እስቲ ወንድሞች፣ አንዴ ገፋ ገፋ!» ይላል፤ መኪናው ይነሣል፤ ነገሩም እስከ ማግሥቱ ይረሳል። ከዚያ ወዲያ ሹፌሩ መኪናውን የሚያቆመው ቁልቁለት ፈልጎ ነው፤ ቁልቁለት ባጣ ጊዜም ሞተሩን ማጥፋት ስለሚፈራ ቆሞ ሳለ ነዳጅ ያቃጥላል። በሽታው ተደበቀ እንጂ አልዳነም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንባቢውን ሁሉ መካኒክ ማድረግ አይደለም። ሞተሪኖ አልይዝ ሲል ጥፋቱ የት እንዳለ በጆሮ፣ በዓይንና በጥቂት ማሰብ መለየት እንደሚቻል ለማስረዳት ነው። ይህን ሳይለዩ ወደ ገበያ ሮጦ ሞተሪኖ መግዛት ገንዘብን በጨለማ እንደ መወርወር ይቈጠራል። አዲሱ ሞተሪኖ ተገጥሞ መኪናው እንደ ቀድሞው እንቢ ሲል፣ ጥፋቱም የዛገ የባትሪ ተርሚናል ሆኖ ሲገኝ የሚያዝነው ባለመኪናው ብቻ አይደለም፤ በመኪናው ገቢ የሚኖረው ቤተ ሰብ ሁሉ ነው።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው አመጣጥ ጥቂት እንበል። በ1900 ዓ.ም. ቢድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ የዚያ ዘመን ሞተር የሚነሣው ከፊት በሚሰካና በእጅ በሚዞር ብረት ነበር። ሞተሩ ወደ ኋላ በመታ ጊዜም ብረቱ በየአገሩ የብዙ ሰው ክንድ ሰብሯል። ከዚህ ጣጣ የገላገለው አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ ነው። ኬተሪንግ ቀደም ሲል ለሱቅ የገንዘብ መመዝገቢያ መኪና የኤሌክትሪክ ሞተር ሠርቶ ነበርና ከዚያ ያገኘውን ሐሳብ ወደ አውቶሞቢል አዛወረው። ሐሳቡም፣ ሥራው የጥቂት ሰኮንድ ብቻ ከሆነ ትንሽ ሞተር ከዐቅሙ በላይ ሊሠራ ይችላል የሚል ነው። የካዲላክ ፋብሪካም በ1912 እ.ኤ.አ. ሞዴሉ ላይ ይህንኑ መሣሪያ ገጠመ። እኛ ሞተሪኖ የምንለው ስም ጣልያንኛ ሲሆን ትርጉሙ «ትንሽ ሞተር» ማለት ነው፤ እንደ ፍሪሲዮንና እንደ ካንዴላ ሁሉ በጋራዥ ቋንቋችን ውስጥ ቀርቷል። ስሙ ራሱ አንድ ምክር ይሰጣል፤ ትንሽ ነውና አታድክሙት። ቁልፉን በአንድ ጊዜ ከዐሥር ሰኮንድ በላይ ይዞ መቈየት፣ ሳያሳርፉም ደጋግሞ ማዞር ጥቅሉን ያቃጥላል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ። በሞተሩ ጫፍ ቮላኖ የሚባል ከባድ የብረት መንኰራኩር አለ፤ ዙሪያውም ከመቶ በላይ ጥርስ አለው። በሞተሪኖው ጫፍ ደግሞ ፒኞን የሚባል ዐሥር ያህል ጥርስ ብቻ ያለው ትንሽ መንኰራኩር ይገኛል። ሹፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ጥቂት ኤሌክትሪክ በቀጭን ሽቦ ሞተሪኖው ላይ ወደ ተጫነው ሶሌኖይድ ይሄዳል። ሶሌኖይዱ ሁለት ሥራ በአንድ ትንፋሽ ይሠራል። አንደኛ፣ በውስጡ ያለውን ብረት ስቦ በሹካ አማካይነት ፒኞኑን ወደ ቮላኖው ጥርስ ይገፋዋል። ሁለተኛ፣ ሁለት የመዳብ ኮንታክቶችን አገናኝቶ ከባትሪው በወፍራም ሽቦ የሚመጣውን ብርቱ ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሪኖው ይለቃል።

በፒኞኑ ሥር ደግሞ በጋራዥ ቤንዲክስ ተብሎ የሚጠራው ክፍል አለ፤ ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው ፈልሳፊ ከቪንሰንት ቤንዲክስ ነው። ይህ ክፍል ፒኞኑ በአንድ ወገን ብቻ ኃይል እንዲያስተላልፍ ያደርጋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ በደቂቃ 1,000 ጊዜ ቢዞር ፒኞኑን 10,000 ጊዜና ከዚያም በላይ ያሽከረክረዋልና ሞተሪኖው በተበተነ ነበር።

እንግዲህ ይህን ሰንሰለት ያወቀ ሰው ጥፋቱን ከድምፁ ሊያገኘው ይችላል። ድምፆቹ አምስት ናቸው።

አንደኛው ድምፅ ዝምታ ነው። ቁልፉ ይዞራል፤ ምንም አይሰማም። የዳሽቦርዱ መብራትም ከጠፋ ባትሪው ሞቷል ወይም ተርሚናሉ ተላቋል። መብራቱ ደምቆ እየበራ ዝም ካለ ግን ትእዛዙ ከሶሌኖይዱ አልደረሰም ማለት ነውና ፊውዙ፣ ሪሌው፣ የቁልፉ ማብሪያ ወይም ቀጭኑ ሽቦ ይመርመር። ሞተሪኖው በዝቅተኛ ቦታ ስለሚገጠም በክረምት ጭቃና ውሃ ይህን ቀጭን ሽቦ ከመግቢያው ላይ ያዝገዋል። መኪናው አውቶማቲክ ከሆነ የማርሹ ዘንግ በትክክል በቦታው ላይ መሆኑን ማየት አይረሳ።

ሁለተኛው ድምፅ ፈጣን «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ሞተሪኖው ተበላሸ» ይላል፤ ነገር ግን ይህ ብዙውን ጊዜ የባትሪ ድካም ምልክት ነው። ሶሌኖይዱ ስቦ ኮንታክቱን ያገናኛል፤ ሞተሪኖው ብርቱ ኤሌክትሪክ በጠየቀ ጊዜ የደከመው ባትሪ ቮልት ይወድቃል፤ ቮልቱ ሲወድቅ ሶሌኖይዱ የያዘውን ይለቃል፤ ሲለቅ ባትሪው ጥቂት ያገግማል፤ እንደገናም ይስባል። እንዲህ እያለ በሰኮንድ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል።

ሦስተኛው አንድ ብርቱ «ቷ» ብቻ ሲሆን ከዚያ በኋላ ጸጥታ ይከተላል። መብራቱ ካልደበዘዘ ሶሌኖይዱ ስቧል፤ ኤሌክትሪኩ ግን አላለፈም። የመዳቡ ኮንታክት ተቃጥሏል፤ ወይም በሞተሪኖው ውስጥ ያለው ካርቦን አልቋል። ቁልፉ በተዞረ ቍጥር መብራቱ እጅግ ከደበዘዘ ግን ባትሪው ደክሟል፤ ባትሪው ደኅና ከሆነም ሞተሪኖው ወይም ሞተሩ ራሱ ተይዟል።

አራተኛው «ዝዝዝ» የሚል ባዶ ሽክርክሪት ነው። ሞተሪኖው ይዞራል፤ ሞተሩ አይንቀሳቀስም። እዚህ ላይ ባትሪውን መወንጀል ከንቱ ነው። ቤንዲክሱ ይንሸራተታል፤ ወይም ሹካው ተሰብሯል፤ ወይም ፒኞኑ በአቧራና በቈየ ግራሶ ተጣብቆ ወደ ፊት መሄድ አቅቶታል።

አምስተኛው «ክርርር» የሚል የጥርስ መፋጨት ነው። ፒኞኑ ወይም ቮላኖው ጥርሱ ተበልቷል፤ ወይም የሞተሪኖው ማሰሪያ ቡሎኖች ላልተዋል። ባለአራት ሲሊንደር ሞተር ሲጠፋ አዘውትሮ የሚቆመው በቮላኖው ዙሪያ በሁለት ስፍራዎች ላይ ነውና የሚበላውም በዚያው ነው። አንድ ቀን ደኅና ይዞ በማግሥቱ የሚፋጨው ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ በክፍል ውስጥ የተማርነው የኦም ሕግ አንድ ትልቅ ስሕተት ይፈታልናል። ብዙ ሹፌር «መብራቱ ይበራል፤ እንግዲያስ ባትሪውም ሽቦውም ደኅና ነው» ብሎ ይደመድማል። በዛገ ተርሚናል ላይ የኦም ሁለት መቶኛ፣ ማለትም 0.02 ኦም ተቃውሞ አለ እንበል። ትንሽ አምፖል ግማሽ አምፔር እንኳ ስለማይወስድ በዚያ ስፍራ የሚጠፋው ቮልት ከ0.01 አይበልጥም፤ አምፖሉ ደምቆ ይበራል። ሞተሪኖው ግን 150 አምፔር ቢጠይቅ 150 ሲባዛ በ0.02 ሦስት ቮልት በዛገው ስፍራ ይቀራል። ከ12 ቮልት ሦስቱን የተነጠቀ ሞተሪኖ ሊሠራ አይችልም። ቮልት መለኪያ ያለው ሰው አንዱን ሽቦ በባትሪው ነጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ ቁልፉን ያስዙር፤ ንባቡ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ በዚያ መካከል ያለው ሽቦ ወይም መገናኛ ይጽዳ። በፖዘቲቩም ወገን ከባትሪው ራስ እስከ ሞተሪኖው ቡሎን እንዲሁ ይደረግ። ያረፈና የተሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያነባል፤ ሞተሪኖው ሲሠራ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ይመርመር።

በእንጦጦ ጀርባ ባለችው በሱሉልታ በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት ይህ ሁሉ ይባባሳል። ብርድ የባትሪውን ጉልበት ይቀንሳል፤ የሞተሩን ዘይት ደግሞ ያወፍራል። ስለዚህ ባትሪው የሚችለው ባነሰ ጊዜ የሚጠየቀው ይበዛል። በቀን ምንም ያልታየበት መኪና ጧት የሚገፋው ከዚህ የተነሣ ነው።

ጥፋቱ ከሞተሪኖው ውስጥ መሆኑ ከታወቀ የማውረዱ ሥራ እንደሚከተለው ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የባትሪው ነጌቲቭ ይፈታ፤ አለዚያ መፍቻው ከመኪናው አካል ጋር ሲነካካ ብልጭታው እጅ ያቃጥላል። ከዚያም ሽቦዎቹ በምልክት ተለይተው ይፈቱ፤ ማሰሪያ ቡሎኖቹም ይውጡ። ፒኞኑ በእጅ ሲዞር በአንድ ወገን ሊላቀቅ፣ በሌላው ሊይዝ ይገባዋል፤ በሁለቱም ወገን ከተላቀቀ ቤንዲክሱ ሞቷል። የሚንሸራተትበት ዘንግ በደንብ ይጽዳ፤ አቧራ ስለሚሰበስብና በብርድ ስለሚጠነክር ወፍራም ግራሶ አይለቅለቅበት። ካርቦኑ አጥሮ ከሆነ ይለወጥ። በብዙ የቶዮታ ሞተሪኖዎች ላይ የሶሌኖይዱን መዳብ ኮንታክት ብቻ መለወጥ ይቻላል፤ ሙሉውን ሞተሪኖ መግዛት አያስፈልግም።

ከዚህ በታች ያለው የሕይወት ጉዳይ ስለ ሆነ አጥብቄ እናገራለሁ። አንዳንድ ሰው ከመኪናው ሥር ገብቶ የሶሌኖይዱን ሁለት ቡሎኖች በካቻቢቴ ያገናኛል። መኪናው ማርሽ ውስጥ ከሆነ በዚያች ቅጽበት ዘሎ ይሄዳል፤ ሥሩ ያለው ሰውም ይጨፈለቃል። እንዲሁም በግፊያ የሚነሣው በእጅ ማርሽ የሚቀየር መኪና ብቻ ነው፤ አውቶማቲክን መግፋት ዋጋ የለውም። ሞተሩ ባልተነሣ መኪና ላይ የፍሬኑና የመሪው ረዳት ኃይል አይኖርም፤ ፍሬኑም መሪውም ድንጋይ ይሆናሉ። የጭነት መኪና በሚበርበት የጅማ መንገድ ላይ ጀርባውን ለትራፊኩ ሰጥቶ የሚገፋ ተማሪ ይህን ያስብበት። ሞተሪኖውን በመዶሻ መደብደብም ያለቀውን ካርቦን ለአንድ ቀን ያነቃ ይሆናል እንጂ አያድንም፤ ቋሚ ማግኔት ባላቸው አዳዲስ ሞተሪኖዎች ላይ ደግሞ ማግኔቱን ይሰነጥቀዋል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወቃል። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሪኖ የለውም፤ አያስፈልገውምና። በመንገዱ ላይ ያለው አሮጌ መኪና ግን በአንድ ቀን አይጠፋም፤ በጥገና ዕድሜው እየረዘመ ብዙ ዓመት ይሠራል። ስለዚህ የጥገና ዕውቀት ዋጋው አልቀነሰም።

በአገራችን ብረት የሚነካ እጅ ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል፤ ያ ንቀት ከነዲግሪያችን አብሮን እንዳይመረቅ ያሰጋል። የኦም ሕግን በፈተና ወረቀት ላይ በትክክል የጻፈ ተማሪ በዛገ ተርሚናል ፊት ቆሞ ሲገፋ ቢውል የተማረው ምን እንደ ጠቀመው ራሱን ሊጠይቅ ይገባል። በዘይት የጠቆረ እጅ ያለው የጋራዥ ልጅ ደግሞ ድምፁን ሰምቶ ጥፋቱን ያውቃል፤ ምክንያቱን ግን የነገረው የለም። ከእርሱ ጆሮውን እንማር፤ እኛም ምክንያቱን እንንገረው። ያን ጊዜ ሁለታችንም አንገፋም።