ፕሪንተር አልታዘዝ ሲል፦ በሊኑክስ ኮምፒውተር ለሚሠሩ ነጋዴዎች የተሰጠ ማብራሪያ

ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከሾኔ እስከ ዶዮገና ባሉት ከተሞች የሚሠራ ነጋዴ ዕቃውን የሚያንቀሳቅሰው በገንዘቡ ብቻ ሳይሆን በወረቀቱም ጭምር ነው። የዕቃ ማስረከቢያው፣ የዋጋ ማቅረቢያውና ለባንክ የሚጻፈው ደብዳቤ ታትሞ ማኅተም ካላረፈበት፣ ስንዴ ወይም የሀደሮ ዝንጅብል የጫነው መኪና በር ላይ ይቆማል። ስለዚህ ፕሪንተር አልታዘዝ ባለ ጊዜ የሚባክነው ቀለምና ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ቀኑና ገበያውም ነው።

ሊኑክስ በ1991 እ.ኤ.አ. በፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተጀመረ የኮምፒውተር ሥርዓት ሲሆን፣ አብዛኞቹ ዓይነቶቹ የፈቃድ ክፍያ ስለማይጠይቁና በቆየ ኮምፒውተርም ላይ ስለሚሠሩ ለንግድ ቤት ይስማማሉ። በዚህ ሥርዓት የሕትመትን ሥራ የሚመራው፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው «ካፕስ» የተባለው ፕሮግራም ነው። ካፕስን እንደ ትራንዚተር መቍጠር ይቻላል፤ ይኸውም ጽሑፉን ተረክቦ በወረፋ ያስቀምጣል፣ ድራይቨር በሚባለው አስተርጓሚ አማካይነት ወደ ፕሪንተሩ ቋንቋ ያስለውጣል፣ ከዚያም ያደርሳል። ጭነት በመንገድ የቀረ እንደሆነ ኬላ በኬላ እንደሚፈለግ ሁሉ፣ የፕሪንተርም ችግር በተራ ሊፈለግ ይገባዋል። ተራውን ሳይጠብቁ ፕሪንተሩን ደጋግሞ መመዝገብ ተመሳሳይ ስሞችን ከማብዛት በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም።

1ኛ. ፕሪንተሩ ራሱ። አብዛኞቹ ፕሪንተሮች ከኮምፒውተር ሳይገናኙ በላያቸው ባለው ቁልፍ የመፈተኛ ገጽ ያትማሉ። ይህ ገጽ በደኅና ከወጣ መሣሪያው ጤነኛ ነውና ለአዲስ ፕሪንተር ገንዘብ ማውጣት አያሻም።

2ኛ. ግንኙነቱ። በተርሚናል ላይ «ኤልኤስዩኤስቢ» የተባለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፉ፣ በዩኤስቢ ገመድ የተያያዙት ዕቃዎች ይዘረዘራሉ። ፕሪንተሩ ከዝርዝሩ ከሌለ ጥፋቱ የገመዱ ወይም የመሰኪያው እንጂ የድራይቨሩ አይደለም። በዋይፋይ የሚሠራ ፕሪንተር ከሆነ ደግሞ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ራውተሩ አዲስ የአድራሻ ቍጥር ሊሰጠው ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ግን በአሮጌው አድራሻ ይፈልገዋል። መድኀኒቱ በራውተሩ ላይ ለፕሪንተሩ ቋሚ ቍጥር ማስያዝ ነው።

3ኛ. ድራይቨሩ። ብዙ አዳዲስ ፕሪንተሮች ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይሠራሉ። የቆዩት ግን የራሳቸውን ይሻሉ። ለምሳሌ ኤች ፒ ሌዘርጄት ፒ1102 «ኤችፒሊፕ» ከተባለው ፕሮግራም በተጨማሪ ከኢንተርኔት የሚወርድ ማሟያ ያስፈልገዋል፤ ማሟያው ሳይጫን በስም ተመዝግቦ ቢታይም አያትምም።

4ኛ. ወረፋው። መብራት በተቋረጠ ጊዜ ካፕስ ወረፋውን ሊያቆም ይችላል፤ ፕሪንተሩ ቢበራም ጽሑፉ አይንቀሳቀስም። በኮምፒውተሩ የፕሪንተር ገጽ ላይ፣ ወይም በብራውዘር «ሎካልሆስት» የሚለውን ቃልና 631 ቍጥርን በእንግሊዝኛ አጻጻፍ በሁለት ነጥብ አያይዞ በሚከፈተው ገጽ ላይ፣ ወረፋውን እንደገና ማስቀጠል ይቻላል። ነገር ግን ከማስቀጠል በፊት የተከማቸውን መመርመር ግዴታ ነው። ጸሐፊው ተቸግሮ አምስት ጊዜ አዝዞ ከሆነ አምስቱም ይወጣሉና፣ አንዱ የዕቃ ማስረከቢያ በሁለት ቅጂ ተፈርሞ ከመጋዘን ሁለት ጊዜ ዕቃ እንዳያስወጣ ትርፉን አስቀድሞ መሰረዝ ይገባል።

5ኛ. ወረቀቱና ፊደሉ። በአገራችን የሚሠራበት ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ እንግሊዝኛ የተደራጀ ከሆነ ግን «ሌተር» የተባለውን 216 በ279 ሚሊ ሜትር መጠን ሊመርጥ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ፕሪንተሩ ወረቀት እየጠየቀ ይቆማል፣ ወይም የጽሑፉ ጠርዝ ይቆረጣል። በአማርኛ ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ከታተሙ «አቢሲኒካ» ወይም «ኖቶ» የተባለውን የግዕዝ ፊደል መጫን ይበቃል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ በቀድሞ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ ደብዳቤዎች ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። ይህ የፕሪንተር ጥፋት አይደለም፤ ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት።

ለግብር የተመዘገበው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ እርሱን የሚከፍተው የተፈቀደለት ባለሙያ ብቻ ነው።

በመጨረሻም እያንዳንዱ ንግድ ቤት የፕሪንተሩን ዓይነት፣ የድራይቨሩን ስምና የአድራሻውን ቍጥር በደብተር ይመዝግብ። አስቸኳይ ወረቀቶችንም በፒዲኤፍ አድርጎ በፍላሽ ይያዝ፤ ፕሪንተሩ ቢያስቸግር እንኳ በአቅራቢያ ካለ ማተሚያ ቤት አሳትሞ መኪናውን በሰዓቱ ማስነሣት ይቻላልና።