የገረጣው ጥቁር፦ የመኪና ፕላስቲክና የበር ጎሚኒ ትውውቅ

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚዘልቀው አስፋልት ሐይቅ ከተማን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። መንገዱ ዳር ተሳፋሪ የሚጠብቁትን ሚኒባሶች ጠጋ ብሎ ያየ ሰው፣ ቀለማቸው ደህና ሆኖ ሳለ ጥቁሩ ፕላስቲካቸው አመድ መምሰሉን ያስተውላል። ባምፐሩ፣ የስፖኪዮው ቤት፣ የበሩ እጀታ፣ ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለው ሽፋን ሁሉ ገርጥቷል። መኪናው ሲታጠብ ይጠቁራል፤ ሹፌሩ አይቶት ሳይጠግብ ይደርቅና ተመልሶ ይነጣል።

ውኃ ሲነካው መጥቆሩ የጉዳቱን ዓይነት ይናገራል። አብዛኛው የመኪና የውጭ ፕላስቲክ የሚሠራው ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ቁስ ነው። ቁሱ በተፈጥሮው ወተት መሳይ ነው፤ ያጠቆረው ካርቦን ብላክ የሚባል እጅግ የደቀቀ ጥላሸት ነው። ጥላሸቱ ለመልክ ብቻ አልገባም፤ ጨረር እየዋጠ ፕላስቲኩን ያስጠልለዋል። የላይኛውን ገጽ ግን ሙሉ በሙሉ አያድነውም። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ረጃጅሞቹን የፕላስቲክ ሞለኪውሎች እየበጣጠሰ በዓይን የማይለዩ ስንጥቆች ይከፍታል። ለስላሳ ገጽ ላይ ያረፈ ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ይመለሳል፤ የተሰነጣጠቀ ገጽ ላይ ያረፈው ግን በየአቅጣጫው ይበተናል፤ እኛም ግራጫ ሆኖ ይታየናል። ውኃ ስንጥቆቹን ሲሞላቸው ገጹ ለጊዜው ይስተካከልና ጥቁሩ ብቅ ይላል። ጥላሸቱ እንግዲህ ከቦታው አልጠፋም፤ የሞተው ላዩ ላይ ያለው ስስ ገጽ ነው።

ይህን ገጽ ለመግደል የሐይቅና የአጎራባቿ የአምባሰል ሰማይ ይመቻል። ሐይቅ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1900 ሜትርን ታልፋለች፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ በግምት 10 በመቶ እየበረታ ይሄዳል። አካባቢው ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ አጋማሽና ነሐሴ አጋማሽ ግድም፣ በቀትር አናት ላይ ትቆማለች። የነሐሴዋን የክረምቱ ደመና ይጋርዳታል፤ የሚያዝያዋን የሚጋርድ ግን ሁልጊዜ አይገኝም። ሲመሽ ደግሞ ብርዱ ቀን የጋለውን ሁሉ ያኮማትረዋል። በየቀኑ መለጠጥና መኮማተር ስንጥቁን ያሰፋዋል።

እስካሁን ያልነው ስለ ፕላስቲኩ ነው። በሩን፣ የኋላውን በርና የፊቱን መስታወት ዙሪያውን የያዘው ጎሚኒ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ሁለቱም ጥቁር ስለሆኑ ብቻ በአንድ ጨርቅና በአንድ ቅባት የሚወለወሉ መሆናቸው፣ በእኔ ግምት፣ ከፀሐዩ ያልተናነሰ ጉዳት አድርሷል።

ቀድሞ የበር ጎሚኒ የሚሠራው በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጎማና ከዘመዶቹ ነበር። እነዚህን ኦዞን በቀላሉ ያጠቃቸዋል፤ ተወጥሮ የቆየ ጎማ ላይ ወደ ጎን የሚሰለፉት ጥቃቅን ስንጥቆች የኦዞን ሥራ ናቸው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960ዎቹ ወዲህ ኢፒዲኤም የሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ ለገበያ ቀረበና ቀስ በቀስ የመኪና በሮችን ተቆጣጠረ። ፀሐይን፣ ኦዞንን፣ ዝናብንና ሙቀትን እንደ እሱ የሚችል ጥቂት ነው። አንድ ጠላት ግን አለው፦ የነዳጅ ዘይት ዘር የሆነ ሁሉ። ናፍጣ፣ ላምባ፣ ግራሶ፣ የሞተር ዘይት፣ ቫዝሊንም ጭምር ከዚያው ወገን ናቸው። ኢፒዲኤም እነዚህን ይጠጣል፤ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይልፈሰፈሳል፣ ቅርጹን ይለቃል። ቀጭኖቹ፣ እንደ ናፍጣና ላምባ ያሉት፣ ሲተኑ ደግሞ ፋብሪካው ጎማውን ለማለስለስ የጨመረውን ዘይት እየነጠቁት ይወጣሉ፤ የቀረው ጎማ ደርቆ ያጥራል።

በናፍጣ የራሰ ጨርቅ የመኪናን ጥቁር ሁሉ በደቂቃ እንደሚያበራ የማያውቅ ሹፌር የለም። ማብራቱ እውነት ነው። ስንጥቁን የሞላው ዘይት ውኃው የሠራውን ሥራ ትንሽ ረዘም አድርጎ ይሠራል፤ ከዚያ አቧራ ይለጠፍበታል፣ ከአቧራው ጋር ተላቁጦም ይረግፋል። ፕላስቲኩ ይህን ሁሉ ታግሦ ሊያልፈው ይችላል። በዚያው ጨርቅ የተዳበሰው የበር ጎሚኒ ግን በሚቀጥለው ክረምት ውኃ ያስገባል፤ ባለቤቱም ጥፋቱን በዝናቡ ላይ ያላክካል።

ጎሚኒውን ዋጋ የሚያሰጠው መልኩ አይደለም። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ አምባሰል ቀበሌዎች በሚገባው የፒስታ መንገድ በበጋ የተጓዘ ሰው አቧራው ከኋላ እንደሚገባ ያውቃል። ሚኒባስ ቅርጹ ሣጥን ስለሆነ ሲሄድ ከጀርባው የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ጎማ ያነሣው አቧራ ወደዚያ ባዶ ይሳባል፣ የኋላው በር ጎሚኒ ጥቂት ክፍተት ካለውም ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የጭስ ማውጫውም ጭስ መንገዱ ያው ነው። ስለዚህ አንድ ጎሚኒ ብቻ ለመጠገን አቅም ያለው ሰው ከኋላው በር ይጀምር። ባጃጅ ከዚህ ሁሉ ጭንቀት ነፃ ናት፤ በር የሌላት ስለ በር ጎሚኒ አትጨነቅም።

ወደ ሥራው እንግባ፤ ከፕላስቲኩ እንጀምር። ቦታው ጥላ፣ ሰዓቱ ጠዋት ይሁን፤ የጋለ ፕላስቲክ ላይ የፈሰሰ ነገር ሁሉ ሳይዳረስ ይደርቃል። ለስላሳ ብሩሽ በላርጎ ውኃ እየነከሩ፣ በተለይ ሸካራውን ገጽ፣ መፈግፈግ ነው። አረፋው ነጭ ሆኖ እስኪወርድ ድረስ ይደገማል። የቀለም ማወልወያ ሰም የተወው ነጭ ምልክት በሳሙና እምቢ ካለ የእርሳስ ላጲስ ያነሣዋል። ይህን ሥራ ከሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ዳር መሥራት ግን ነውር ነው። ይህ ሐይቅ መፍሰሻ የሌለው ውኃ ነውና የገባበት ዘይትና ሳሙና የሚሄድበት የለም።

ከታጠበ በኋላ በደንብ ይደርቅ፤ ከዚያ ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል በጨርቅ ነክሮ የቀረውን ቅባት ማንሣት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ ማንኛውም መሸፈኛ የሚይዘው ግን ከንጹሕ ገጽ ጋር ብቻ ነው። መሸፈኛው ሦስት ዓይነት ነው። በውኃ የተበጠበጠው የሲሊከን ቅባት ርካሽና የዋህ ነው፣ ከሳምንታት በላይ ግን አይቆይም። ጥቁር ቀለም ያለው ማደሻ ወራትን ይሻገራል፣ ቀለም የተቀባ አካል ላይ ከነጠበ ግን ያበላሻል፤ ስለዚህ ዳር ዳሩን በወረቀት ፕላስተር መሸፈን ያስፈልጋል። ሴራሚክ የሚባለው ከሁሉ ይበልጥ ይቆያል፣ ከሁሉም ይወደዳል፤ አቀባቡ ላይም ስሕተት አይወድም። የትኛውም ቢመረጥ ስስ ተደርጎ ይቀባና ትርፉ ይጠረጋል።

እሳት የሚያቀርቡበትም አሉ። የጋለ አየር ወይም ነበልባል ላይኛውን ገጽ ያቀልጠዋል፣ ስንጥቁ ይዘጋል፣ ጥቁሩ ተአምር በሚመስል ፍጥነት ይመለሳል። ፕላስቲኩ ከውስጥ የቀረችውን ጥቂት መከላከያ ግን በዚያው ይከፍላል፤ ገጹ ተመልሶ ሲገረጣ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ የሚያቃጥሉት ያነሰ ነገር ነው። እጅ ትንሽ ከቆየም ባምፐሩ ይጣመማል። የጫማ ቀለም ከዚህ ይሻላል ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ የመጀመሪያው ዝናብ ይፈርድበታል።

ስለ ሰምም የሚጠይቅ ይኖራል፤ ስሙ ከማር ጋር በሚነሣው በአምባሰል አገር ጥያቄው ተገቢ ነው። የንብ ሰም ኢፒዲኤምን እንደ ናፍጣ አይጎዳም። የሚቀልጠው ግን ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ነው፤ ቀትር ላይ የቆመ መኪና ጥቁር ፕላስቲክ እዚያ ለመድረስ ብዙ አይቀረውም። ከቀለጠ በኋላ አቧራ መሰብሰቢያ ይሆናል።

ለጎሚኒው ከሁሉ የሚስማማው መድኃኒት በየሱቁ ለፊትና ለእጅ ተብሎ የሚሸጠው ግሊሰሪን ነው። በመጀመሪያ ጎሚኒው በለብታ የሳሙና ውኃ ይታጠብ፤ በተለይ ከንፈሩ ሥር የተቀበረውን አሸዋ በጣት በተጠቀለለ ጨርቅ ማውጣት ያስፈልጋል፤ በር በተዘጋ ቁጥር እንደ ሞረድ የሚበላው እሱ ነውና። ሲደርቅ ግሊሰሪን በጥቂት ውኃ አቅጥኖ ማሸትና ትርፉን መጥረግ ነው። ግሊሰሪን ዝናብ ያጥበዋል፤ ስለዚህ አንዴ ክረምት ከመግባቱ በፊት በግንቦት፣ አንዴ ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም መደጋገም ይኖርበታል። ጀርመኖችና ኦስትሪያውያን ለዚሁ ሥራ የአጋዘን ሞራ ይጠቀማሉ፤ የእነሱ ጭንቀት በረዶ ጎሚኒውን ከበሩ ጋር እንዳያጣብቀው ነው። ሲሊከንም ለጎሚኒ ይስማማል፤ መረጨት ያለበት ግን ጨርቅ ላይ እንጂ መኪናው ላይ አይደለም። የቀለም ባለሙያዎች ሲሊከንን የሚጠሉት በምክንያት ነው፦ የነካው ቆርቆሮ ሲቀባ ቀለሙ እየሸሸ ትንንሽ ጉድጓድ ይሠራል።

መስታወቱ የሚንሸራተትበት ውስጠኛው ጎማም ከዚህ ሕግ አይወጣም። ግራሶ የገባበት እንደሆነ ከአቧራው ጋር ተቦክቶ መስታወት ይቧጭራል። እግረ መንገድዎን የበሩን ታችኛ ጠርዝ ይመልከቱ። ዝናብ በመስታወቱ ግርጌ አልፎ በሩ ሆድ ውስጥ መግባቱ አይቀርም፤ ፋብሪካው ይህን አውቆ ከታች መውጫ ቀዳዳዎች ትቷል። የበጋው አቧራ ጭቃ ሆኖ ከደፈናቸው በሩ ከውስጥ ይዝጋል። በስንጥር መክፈት ይበቃል፤ ብዙ ጎሚኒ የተከሰሰበት ፍሳሽ መነሻው ይኸው ነው።

ጎሚኒው አሁንም መያዙን ለማወቅ የብር ኖት ወይም ወረቀት በሩ ላይ አድርገው ይዝጉና ይጎትቱ። ከያዘ ደህና ነው። ሾልኮ ከወጣ ጎማው ተጨፍልቆ ቀርቷል ወይም የበሩ መቆለፊያ ጥርስ ላልቷል፤ ጥርሱን በጥቂቱ ወደ ውስጥ መግፋት አንዳንዴ ጉዳዩን ይጨርሰዋል። ተጨፍልቆ የቀረ ጎማ ግን በምንም ቅባት አይመለስም፤ መቀየር አለበት።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያለውን መኪና ማቆየት ከምርጫ አልፏል። ለቆየ ሞዴል ልኩ የሆነው ጎሚኒ ካልተገኘ ወይ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከሌላ መኪና የተነቀለ ይፈለጋል፣ ወይ በሜትር የሚሸጠው ይገዛል። የተነቀለው እርጅናው ከራሱ ጋር ስለሚመጣ እኔ በሜትር የሚሸጠውን እመርጣለሁ፤ ውፍረቱና የመያዣው ቅርጽ ከአሮጌው ቁራጭ ጋር ይመሳከር እንጂ። ሲገጠም መጋጠሚያው ወደ ታች፣ ደፉ ላይ ይሁን። ማዕዘን ላይ ጎማውን መሳብ አይገባም፤ የተለጠጠ ጎማ ወደ ልኩ ሲመለስ መጋጠሚያው ላይ አፉን ይከፍታል። ጥቂት አስረዝሞ ቆርጦ እየገፉ ማስገባት ነው፤ ሁለቱ ጫፎችም በማስቲሽ ይያያዛሉ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በሩ ተግፍቶ እንጂ አይዘጋም። ጥርሱን ለማላላት አይቸኩሉ፤ ጎማው በጥቂት ቀናት ውስጥ ቦታውን ይይዛል።