ፍሎራይድ ለልጆቻችን ጥርስ፦ ጥቅሙና መጠኑ

ዛሬ ወላጆችን ግራ ስለሚያጋባ አንድ ጉዳይ እንነጋገራለን። አንዱ ወላጅ «ሐኪሙ የልጄ ጥርስ ፍሎራይድ ይቀባ አለኝ» ሲል፣ ሌላው «የስምጥ ሸለቆን ልጆች ጥርስ ያበላሸው እሱ አይደለም እንዴ?» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ልዩነቱ ያለው በመጠኑና በአጠቃቀሙ ላይ ነው።

ልጅ ከረሜላ ወይም ስኳር የበዛበት ሻይ ሲወስድ በአፉ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል። አሲዱም ከጥርሱ ሽፋን ማዕድን ያሟሟል። ምራቅ የጎደለውን ይተካል፤ ፍሎራይድ ደግሞ ይህን ጥገና ያፋጥናል፤ ጥርሱም አሲድን እንዲቋቋም ያደርጋል። ጥርሱ አንዴ ከተቦረቦረ ግን ፍሎራይድ ቀዳዳውን አይደፍንም። ስለዚህ ሕመም እስኪመጣ መጠበቅ አይገባም።

ሐኪሞች የሚቀቡት ቫርኒሽ የሚባለው ፍሎራይድ በትንሽ ብሩሽ ጥርስ ላይ ይደረጋል። ሥራው የጥቂት ደቂቃዎች ነው፤ አያምም። እንደ ልጁ ሁኔታ በየ3 ወይም በየ6 ወሩ ይደገማል።

ታዲያ ጉዳቱ ከየት መጣ? ጥርስ ገና በድድ ውስጥ ሳለ ልጁ ለዓመታት ብዙ ፍሎራይድ ያለበት ውኃ ከጠጣ፣ ጥርሱ ቡናማ ሊሆን ይችላል። ሲበዛ አጥንትንም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በወንጂ፣ በመተሐራና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ከዚህ እጅግ የበለጠ የተገኘባቸው ጉድጓዶች አሉ። ውኃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያስወግድም። መፍትሔው ውኃውን አስመርምሮ ሌላ ምንጭ መፈለግ ወይም በተገቢው መንገድ ማጣራት ነው።

በቤታችን ምን እናድርግ? ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለው የአተር ፍሬ ያህል ይበቃዋል። በቀን 2 ጊዜ፣ በተለይ ከመኝታ በፊት ይቦረሽ። ልጁ አረፋውን እንዲተፋ እንጂ እንዳይውጥ እናስተምረው። የፍሎራይድ እንክብል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንስጥ።

በ6 ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶች በስተኋላ የሚወጡት መንጋጋዎች ቋሚ ናቸው፤ ወልቀው አይተኩም። «የወተት ጥርስ ነው» ብለን ችላ ካልናቸው ልጃችን ዕድሜ ልኩን የሚያኝክበትን እናሳጣዋለን።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በኡመታቸው ላይ እንዳይከብድ ባይሰጉ ኖሮ በየሶላቱ ሲዋክን ባዘዙ ነበር። ልጆቻችንን በ7 ዓመታቸው ለሶላት ስናዝ ውዱእና ሲዋክን አብረን እናለማምዳቸው። ሲዋክ ሱንናም ንጽሕናም ነው፤ ፍሎራይድ ያለበት ሳሙና ሲታከልበት ደግሞ ጥበቃው ይጠነክራል። ልጆች አማና ናቸው፤ ገላቸውም እንዲሁ።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን።