ጎንዶላ፦ ቀጥ ብላ እንድትሄድ የተጣመመች ጀልባ

አርብ ማታ ከቬኒስ መነሳት ነበረብኝ። የምሳፈርበት ባቡር ተሰርዞ ቀጣዩ ሰኞ ጠዋት ነው ስባል፣ ሁለት ቀን ሳላስበው እጄ ላይ ወደቀ። ቅዳሜ ረፋድ እግሬ ወደ መራኝ ስሄድ ሳን ትሮቫዞ ከሚባለው ቦይ ዳር ደረስኩ። ከማዶ፣ ወደ ውሃው በሚያዘቀዝቅ ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ጥቁር ጀልባ ተገልብጣ ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታለች። አንዱ ጎኗ ከሌላው አብጧል፤ ወገቧም ጎብጧል። ተጋጭታ ለጥገና የመጣች መሰለኝ። አጠገቧ ያለችውን ሳይ እሷም እንዲያው ናት። ሦስተኛዋም።

ጎንዶላ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው። ርዝመቷ ወደ 11 ሜትር፣ ስፋቷ 1 ሜትር ከ40 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ግራ ጎኗ ከቀኙ በ24 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ምክንያቱን ለማወቅ ቀዛፊውን ማየት ይበቃል። ከኋላ፣ በግራ በኩል ቆሞ፣ ከ4 ሜትር በሚበልጥ አንድ መቅዘፊያ በቀኝ ብቻ ይቀዝፋል። በአንድ ጎን ብቻ የተቀዘፈ ጀልባ ደግሞ ወደ ሌላው ጎን ይዞራል። ጣና ላይ ታንኳ የያዘ ሰው መቅዘፊያውን ወዲህና ወዲያ እያገላበጠ ያቀናል፤ የቬኒስ ቦዮች ግን ጠባብ ናቸውና በሁለቱም ጎን መቅዘፊያ መዘርጊያ ስፍራ የለም። ስለዚህ ማቃናቱን ለጀልባዋ አካል ሰጡት። ቀዛፊው ወደ ግራ ሲገፋት ጉብጠቷ ወደ ቀኝ ይመልሳታል፤ በሁለቱ ትግል መካከል ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ባዶዋን ስትቆም ወደ ቀኝ የምታጋድለውም ለዚህ ነው፤ ሚዛኗ የሚሞላው ሰውዬው ሲቆምባት ነው። መሣሪያ ከሠራተኛው ጋር እንዲህ ተቆጥሮ ሲሠራ ከዚህ በፊት አላየሁም።

ይህ ቅርጽ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። የጥንት ጎንዶላዎች ቀጥ ያሉና ሁለት ቀዛፊ ያላቸው ነበሩ፤ ጥምመቱን አሁን ወዳለበት ያደረሰው እ.ኤ.አ. በ1884 የራሱን ግቢ የከፈተው የጀልባ አናጢ ዶሜኒኮ ትራሞንቲን ነው ይባላል። ጎንዶላ የሚሠራበት ግቢ «ስኩዌሮ» ይባላል። የሳን ትሮቫዞው ስኩዌሮ የእንጨት ቤት የተራራ አገር ጎጆ ይመስላል፤ አናጢዎቹም እንጨቱም ከሰሜን ተራሮች ይመጡ ነበርና። አንዲት ጎንዶላ 280 ያህል ቁራጭና ስምንት ዓይነት እንጨት ትፈልጋለች።

እኔን ከሁሉ የማረከኝ ግን «ፎርኮላ» ነው፤ መቅዘፊያው የሚደገፍበት፣ ከአንድ የዋልነት ግንድ የሚቀረጽ እንጨት። ክርንና ጉልበት ያለው ይመስላል። መቅዘፊያው በአንዱ ጎድጓዳ ላይ ሲያርፍ ወደ ፊት ይነዳል፣ በሌላው ወደ ኋላ ይመልሳል፣ በሦስተኛው ያዞራል፣ ሌላው ላይ ተጭኖ ፍሬን ይሆናል። መኪና ማርሽ ሳይኖራት በፊት ጎንዶላ ማርሽ ነበራት ቢባል ማጋነን አይደለም። ፎርኮላ በቀዛፊው ቁመትና አቋም ልክ ስለሚቀረጽ የአንዱ ለሌላው አይመችም።

ለጀልባ ይህን ያህል መጠበባቸው አይገርምም፤ ከተማዋ በውሃ ካልሆነ የማይደረስባት ነበረች፤ ከየብስ የሚያገናኛት የባቡር ድልድይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1846 ነው። እ.ኤ.አ. በ1402 የኢትዮጵያው ንጉሥ የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብሮችን ገጸ በረከት አድርገው ሲመጡም የገቡት በጀልባ መሆን አለበት። ነብሮቹ ጀልባ ላይ ምን ሆነው እንደነበር እሑድን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። ጎንዶላ ለዘመናት የከተማዋ መጓጓዣ ነበረች፤ ባለጠጎች በቀለምና በሐር ሲፎካከሩ መንግሥት ጌጡን በሕግ ገደበ፣ ጥቁሩም ቀለም ጸና። ዛሬ አራት መቶ ያህል ብቻ ቀርተው በአብዛኛው ጎብኚ ይጭናሉ። ሙያው ለዘመናት የወንድ ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ጆርጂያ ቦስኮሎ ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

የጎብኚው ጎንዶላ ዋጋ ውድ ነው። «ትራጌቶ» ግን አለ፤ ትልቁን ቦይ ከዳር ወደ ዳር የሚያሻግር፣ በሁለት ሰው የሚቀዘፍ ሰፋ ያለ ጎንዶላ፣ በጥቂት ዩሮ። እሑድ አመሻሹ ላይ ከዓሣ ገበያው ወደ ሳንታ ሶፊያ ተሻገርኩ። ብዙዎቹ እንደ ቆሙ ነው የሚሻገሩት፤ እኔም ቆምኩ። ሞተር ጀልባ አልፎ ማዕበሉ ሲመጣ ጉልበቴ ተብረከረከ፤ ከኋላ ያለው ቀዛፊ መቅዘፊያውን ከፎርኮላው አንድ ጎድጓዳ ወደ ሌላው ሲያሻግር ግን ጀልባዋ እንደ ተያዘች በቅሎ ቀጥ አለች። ዳር ስንደርስ መንገደኛው ወርዶ ተበተነ። ከጎናችን የቀኑን ሥራ የጨረሰ ሌላ ቀዛፊ ጎንዶላውን አሰረ፣ ፎርኮላውን ከቦታው ነቅሎ በብብቱ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።