የአድሬናል ሆርሞን ምትክ ሕክምና ለአንድ ቀንም መቋረጥ የለበትም

የአድሬናል እጢዎቻቸው ሥራ ያቆመባቸው ሕሙማን በሆርሞን ምትክ ሕክምና እንደማንኛውም ሰው ሠርተው መኖር ይችላሉ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ በድንገት ከተቋረጠ ወይም በሌላ ሕመም ወቅት መጠኑ ካልጨመረ ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

ከኩላሊቶች በላይ የሚገኙት እነዚህ ትናንሽ እጢዎች ኮርቲዞልና አልዶስትሮን የተባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫሉ። ኮርቲዞል የደም ግፊትንና የደም ስኳርን በመጠበቅ ሰውነት ሕመምን እንዲቋቋም ሲረዳ፣ አልዶስትሮን የጨውና የውኃ ሚዛንን ይቆጣጠራል። ሆርሞኖቹ ሲጎድሉ የማያቋርጥ ድካም፣ የክብደት መቀነስ፣ ከመቀመጫ ሲነሱ ማዞር፣ ጨው ጨው ማሰኘት እንዲሁም የድድና የቆዳ መጥቆር ይታያሉ።

በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1855 በዝርዝር የገለጸው እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ አዲሰን ነው። በዘመኑ ዋነኛ መንስኤው ቲቢ ነበር። በአሁኑ ወቅት በበለጸጉ አገሮች በአብዛኛው የሚከሰተው የሰውነት የመከላከያ ኃይል የራሱን እጢዎች በማጥቃቱ ሲሆን፣ ኢትዮጵያን በመሳሰሉ ቲቢ በስፋት በሚገኝባቸው አገሮች ግን ቲቢ አሁንም ተጠቃሽ መንስኤ ነው።

ለአዋቂዎች በአብዛኛው በቀን ከ15 እስከ 25 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ ይሰጣል። ተፈጥሯዊው ኮርቲዞል ከፍ የሚለው ማለዳ በመሆኑ ከፍተኛው መጠን የሚወሰደው ከእንቅልፍ ሲነሱ ነው። አልዶስትሮንን ለመተካት ደግሞ ፍሉድሮኮርቲዞን በቀን አንድ ጊዜ ይታዘዛል።

ጤነኛ ሰው ትኩሳት ሲይዘው እጢዎቹ የኮርቲዞል ምርታቸውን ይጨምራሉ። ሕሙማኑ ይህ አቅም ስለሌላቸው በትኩሳት ወቅት በሐኪም መመሪያ መሠረት መጠኑን እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ ማድረግ ይኖርባቸዋል። ትውከት ካለ የተዋጠው ክኒን ስለማይጠቅም በአፋጣኝ 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን በመርፌ መሰጠትና ሕመምተኛውን ወደ ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል። የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲንም ሆርሞኑ ከሰውነት ቶሎ እንዲወገድ ስለሚያደርግ መጠኑ በሐኪም መስተካከል አለበት።

ሕሙማን ከጾም በፊት ሐኪማቸውን ማማከር፣ ለመስክ ሥራ ሲወጡ ከሚያስፈልጋቸው በላይ መድኃኒት መያዝና ሕመማቸውን የሚገልጽ ካርድ ከኪሳቸው አለመለየት ይገባቸዋል። የሥራ ባልደረቦቻቸውም ይህንኑ ቢያውቁ ራሱን የሳተን ሕመምተኛ በወቅቱ ለመታደግ ይረዳል።